ስለ ተራራ መንገድ መሪ መጽሐፍ አጠቃቀም

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልጆች አስተዳደግ ስንነጋገር ቈይተናል። ዛሬ ግን ቤተ ሰብ ከቤቱ ወጥቶ ብዙ ቀን በእግሩ ተራራ ሲሻገር ስለሚያስፈልገው አንድ መካሪ ጥቂት ቃል ለመጻፍ አሰብሁ። ይህም መካሪ የመንገድ መሪ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉን ገዝቶ በከረጢት መያዝ ብቻ የሚበቃ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እኔም ራሴ ከነዚህ አንዱ ስለ ነበርሁ ከስሕተቴ የተማርሁትን ለሌላው ማካፈል ይገባኛል።

በቀድሞ ዘመን ተራራ የሚሻገር መንገደኛ አገሩን የሚያውቅ ሰው ቀጥሮ ያስመራ ነበር። ደግ መሪ የሚያየው መንገዱን ብቻ አይደለም፤ የመንገደኛውንም ፊት ያያል። የደከመ ቢኖር ያሳርፋል፥ ደመናው ቢከብድ ይመልሳል። በአውሮፓ ግን ተጓዡ እየበዛ በሄደ ጊዜ የመሪውን ዕውቀት በመጽሐፍ ማተም ተጀመረ። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1838 ዓመት የሎንዶኑ አሳታሚ ጆን መሪ ስለ ስዊስ አገር የሚናገር የመንገደኛ መጽሐፍ አወጣ፤ በ1844 ዓመትም ጀርመናዊው ካርል ቤዴከር የራሱን አሳተመ። ከዚያ ወዲህ እንግሊዛዊው አልፍሬድ ዌንራይት ከ1955 እስከ 1966 ዓመት ድረስ የሐይቅ አውራጃ የሚባለውን ተራራማ አገር በ7 መጻሕፍት፥ ጽሕፈቱንም ሥዕሉንም በገዛ እጁ አድርጎ አዘጋጀ። እነዚህን የመሰሉ መጻሕፍት ሰውን ሁሉ ያለ ቅጥር መሪ እንዲሄድ አስችለውታል። ነገር ግን መጽሐፍ አንድ ነገር ይጐድለዋል፤ የሚያነበውን ሰው ፊት አያይም።

ይህን የተረዳሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ በጄኔቭ ከተማ በነበርሁበት ጊዜ ነው። ከጄኔቭ ሩቅ ባልሆነ ስፍራ ከ4,800 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የሞን ብላን ተራራ አለ። ይህን ተራራ ዙሪያውን በእግር መዞር የታወቀ ጉዞ ነው። የጄኔቩ ሊቅ ሆራስ ቤኔዲክት ደ ሶሲዩር በ1767 ዓመት ዞሮታል። መንገዱ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ በፈረንሳይ፥ በኢጣልያና በስዊስ ምድር ያልፋል፤ ዳገቱ ሁሉ ቢደመር ወደ 10,000 ሜትር ይደርሳል፤ አብዛኛውም ሰው በ10 ወይም በ11 ቀን ይፈጽመዋል። እኔም ከባለቤቴና ከ13 ዓመት ልጃችን ጋር ይህን መንገድ ለመሄድ ቈርጬ መሪ መጽሐፉን ገዛሁ። ከመጽሐፉም ያነበብሁት የየቀኑን መንገድና የሰዓቱን ቍጥር ብቻ ነበር።

በሰኔ ወር መጨረሻ ገደማ ከሌ ኮንታሚን መንደር ተነሥተን ሌ ሻፒዬ ወደሚባለው ስፍራ ለመድረስ ጉዞ ጀመርን። በመካከሉ ኮል ዱ ቦኖም የሚባል የተራራ በር አለ፤ እኛ ጣርማ በር እንደምንለው ያለ፥ ከሸንተረር ወደ ሸንተረር የሚያሻግር ማለፊያ ነው። ከፍታው 2,329 ሜትር ሲሆን መንገዱ ከዚያ በኋላ ደግሞ 2,479 ሜትር ወደ ሆነው ወደ ሁለተኛው በር ይወጣል። መጽሐፉ ለቀኑ 7 ሰዓት ያህል መድቦ ነበር። እኛም ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተነሥተን ላ ባልም ከሚባለው የተራራ ማረፊያ ቤት ስንደርስ ጊዜው ከቀኑ 7 ሰዓት ሆነ። መጽሐፉ በ2 ሰዓት ተኩል ይደረሳል ያለውን እኛ በ4 ሰዓት መድረሳችን ነው።

የሌ ሻፒዬ አልጋ ተከፍሎበት ስለ ነበር እኔ እንቀጥል አልሁ። ልጃችን ግን ከድካሙ የተነሣ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ መጽሐፉን ሲያገላብጥ ቈየና፥ «አባባ፥ በመግቢያው ላይ ያላነበቡት ነገር አለ» አለኝ። ተቀብዬ ባነብ፥ በሁለቱ በሮች መካከል ያለው ጥላማ ስፍራ እስከ ሐምሌ ድረስ በረዶ ሊኖርበት እንደሚችል፥ ከሰዓት በኋላም ነጐድጓድ የተለመደ ስለ ሆነ የዘገየ መንገደኛ በላ ባልም እንዲያድር የሚመክር ቃል ተጽፎ አገኘሁ። መጽሐፉ ከገባበት ቀን ጀምሮ ይህ ምክር በእጄ ነበር። ባለቤቴም፥ «ለአልጋው የተከፈለው ገንዘብ ቢጠፋ ሌላ ይገኛል፤ የልጁ ጉልበት ግን ካለቀ በተራራ ላይ ከየት ይገኛል?» አለችኝ። ሒሳቡን ብሠራው፥ በያዝነው አካሄድ ሌ ሻፒዬ የምንደርሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ነበር። አፍሬም ቢሆን እሺ አልሁ፤ ወደ ሌ ሻፒዬም ስልክ ደውለን እንደማንመጣ አስታወቅን። ከሁለት ሰዓት በኋላ በበሩ አቅጣጫ መብረቅና ዝናም ወረደ። እኛ ግን በማረፊያው ቤት ሞቅ ያለ ሾርባ እንጠጣ ነበር። በማግስቱ ማልደን ተነሥተን በሰማዩ ጥራት የቀረውን በረዶ ቀስ ብለን ተሻገርን።

እንግዲህ ከዚህ የተገኘውን ትምህርት በተራ ልግለጽ።

አንደኛ፤ መሪ መጽሐፍ የሚነበበው በቤት ነው፥ የሚነበበውም ከመግቢያው ጀምሮ ነው። የወራቱ ጠባይ፥ የበረዶው ነገር፥ የማረፊያ ቤቶች የሚከፈቱበት ጊዜ በብዛት የሚገኘው በመግቢያው ነው። ንባቡም የአባት ብቻ መሆን የለበትም፤ እናትም ልጆችም በየተራቸው ያንብቡ። በመንገድ ላይ አንዱ የዘነጋውን ሌላው ያስታውሳልና።

ሁለተኛ፤ የታተመበትን ዓመት ተመልከቱ። ድልድይ በጐርፍ ይወሰዳል፥ መንገድ በናዳ ይቈረጣል፥ ማረፊያ ቤት ይዘጋል። ስለዚህ አሮጌ መጽሐፍ ያለው ሰው የአዲሱን እትም እርማት መፈለግና ወደ ማረፊያ ቤቶቹ አስቀድሞ ደውሎ መጠየቅ አለበት።

ሦስተኛ፤ የመጽሐፉን ሰዓት ወደ ቤተ ሰባችሁ ሰዓት ለውጡት። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ኔይስሚዝ በ1892 ዓመት ያወጣው ልማድ በሜትር ሲነገር ለ5 ኪሎ ሜትር መንገድ 1 ሰዓት፥ ለ600 ሜትር ዳገትም ሌላ 1 ሰዓት ያህል መመደብ ነው። በዚህ ሒሳብ 18 ኪሎ ሜትር መንገድና 1,300 ሜትር ዳገት 6 ሰዓት አይሞላም። ይህ ግን የብርቱ ሰው ሒሳብ ነው፤ ዕረፍትም ምሳም የለበትም። በስዊስ አገር በመንገድ ዳር በቢጫ ሠሌዳ የተጻፈውም ሰዓት እንዲሁ ዕረፍትን አይጨምርም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን መጽሐፉ ያለውንና እናንተ የሄዳችሁበትን አስተያዩ። የእኛ 2 ሰዓት ተኩል 4 ሰዓት እንደ ሆነ፥ የቀረውንም በዚያው መጠን አስፉት። የሚለካውም በፈጣኑ እግር ሳይሆን ከሁሉ በዘገየው እግር ነው።

አራተኛ፤ የመጽሐፉን ቋንቋ ዕወቁ። «የወንዙ ግራ ዳር» ሲል ፊቱን ወደ ውሃው መውረጃ ያዞረ ሰው ግራ ማለቱ ነው፤ ወደ ላይ ለሚወጣ መንገደኛ ግን ያው ዳር በቀኙ ይሆናል። እንደዚሁም የሞን ብላንን ዙሪያ ብዙዎቹ መጻሕፍት የሚጽፉት ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒው አቅጣጫ ስለ ሆነ፥ በሌላው ወገን የሚዞር ሰው ቃሉን ሁሉ ገልብጦ ማንበብ ይገባዋል። በፈረንሳይ የረዥም መንገድ ምልክት ነጭና ቀይ መስመር ነው፤ ነጩና ቀዩ ተመሳቅሎ ቢታይ ያ መንገድ አይደለም ማለት ነው።

አምስተኛ፤ መጽሐፍ የካርታን ስፍራ አይተካም። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ሥዕል ብዙ ጊዜ መንገዱንና አጠገቡን ብቻ ያሳያል፤ ከመንገዱ የወጣ ሰው ያለ ካርታ ዕውር ነው። በስልክ ያለው ካርታ እጅግ ይጠቅማል፤ ሆኖም ብርድ የስልኩን ኃይል ቶሎ ይጨርሰዋልና የወረቀቱን አትተዉ። የዕለቱን ገጽ ቀድታችሁ ውሃ በማያስገባ ሽፋን በኪስ ያዙ፤ በዝናም መካከል ከረጢት ፈትቶ መጽሐፍ የሚያወጣ ሰው የለምና።

ስድስተኛ፤ በየቀኑ ገጽ ኅዳግ ላይ ሁለት ነገር አስቀድማችሁ በእርሳስ ጻፉ። አንዱ የመመለሻ ሰዓት ነው፤ «እዚህ ስፍራ በዚህ ሰዓት ካልደረስን አናልፍም» የሚል። ሁለተኛው የመጠጊያ ስፍራ ነው፤ ባናልፍ የምናድርበት። ይህ በቤት በረጋ ልብ የሚጻፍ ውሳኔ ነው። በዳገት መካከል ግን ድካምም እልህም የተከፈለ ገንዘብም ይከራከሩናል።

ሰባተኛ፤ የጉዞውን ዝርዝር ለቀረው ዘመድ ስጡ፥ ዕቅድም ሲለወጥ ለሚጠብቃችሁ ማረፊያ ቤት አስታውቁ፤ ያለዚያ ነፍስ አድን ሠራተኞች በከንቱ ይወጣሉ። በእውነት ችግር ቢደርስ በሦስቱም አገሮች የሚደወለው ቍጥር 112 ነው። ስልክ በማይሠራበትም በፉጨት ወይም በመብራት በ1 ደቂቃ 6 ጊዜ ምልክት መስጠት፥ 1 ደቂቃ ዝም ማለት፥ እንደ ገና መድገም ነው። የሰማው ሰው በ1 ደቂቃ 3 ጊዜ ይመልሳል። ይህን ልጆችም ሳይቀሩ ይወቁት።

አንባቢዎች ሆይ፤ መጽሐፉን አትናቁት፥ ብዙ ዓመት በመንገዱ የተመላለሰ ሰው ዕውቀት አለበትና። ዳሩ ግን እንደ አዛዥ አትቍጠሩት። የጐደለውን፥ ማለት የባልንጀራን ፊት መመልከትን፥ የምትሞሉ እናንተ ናችሁ። በእኔ ቤት ያ መሪ መጽሐፍ ዛሬም በመደርደሪያ ላይ አለ። በላ ባልም ገጽ ኅዳግ ላይ ልጃችን በእርሳስ «እዚህ አደርን» ብሎ የጻፈው ቃል አልጠፋም። ሌላውን ቀን ሁሉ መጽሐፉ እንዳዘዘን ሄድን፤ ስለ ጉዞው ስንጫወት ግን ሁልጊዜ የምናነሣው ያልሄድንበትን የዚያን ቀን ግማሽ ነው።