ዐሥር ዓመት ደጅ የጠኑት ወይዘሮ

በዚህ ሳምንት የአንዲት የገበሬ ልጅ ታሪክ ልናጫውታችሁ ወደናል። ስማቸው ወይዘሮ ፔጊ ዊትሰን ይባላል፤ የተወለዱትም በ1960 ዓመት (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን) በአሜሪካ አገር በአዮዋ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ ሰዎች ጨረቃን ሲረግጡ አዩ፤ ከዚያ ወዲህ ልባቸው ወደ ሰማይ ሄደ። አይሮፕላን መንዳት ለመማር የሚያስፈልጋቸውን ገንዘብ ያጠራቀሙት ዶሮ እያረቡ በመሸጥ ነበር። ዶሮ ማርባትን የሚንቅ ሰው ካለ ይህን ደግሞ ያንብበው።

በ1985 ከራይስ ዩኒቨርሲቲ በባዮኬሚስትሪ፥ ይኸውም የሕያዋንን ገላ ውስጣዊ ሥራ በሚመረምረው ትምህርት፥ የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበሉ። ከዚያም ናሳ በሚባለው የጠፈር መሥሪያ ቤት በተመራማሪነት እያገለገሉ የጠፈር ተጓዥ ለመሆን አመለከቱ፤ አልተመረጡም። ደግመው አመለከቱ፤ አሁንም ቀሩ። በ1996 በተመረጡ ጊዜ ዐሥር ዓመት ያህል ደጅ ጠንተው ነበር።

ያ ዘመን በከንቱ አለፈ የሚል ቢኖር እኛ አንስማማም። ሰው ክብደት በማይሰማበት ስፍራ ሲቈይ አጥንቱ ካልሲየም ይቀንሳል፤ ይህም ወደ ሽንት ሲገባ የኵላሊት ጠጠር ሊያመጣ ይችላል። ፖታሲየም ሲትሬት የተባለው መድኃኒት ይህን ይከለክል እንደ ሆነ የሚፈትነውን ጥናት ይመሩ የነበሩት እኒሁ ወይዘሮ ናቸው። በ2002 ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ መጀመሪያ የወጡት እንግዲህ ዕውቀታቸውን ይዘው ነው እንጂ ለጕብኝት አይደለም።

በ2007 ጣቢያውን በአዛዥነት የመራች የመጀመሪያይቱ ሴት ሆኑ። በሚያዝያ 2008 ሲመለሱ ግን መንኰራኵራቸው ከወትሮው ይልቅ ቀጥ ብላ ወረደች፤ የገላቸውም ክብደት ከስምንት እጥፍ በላይ ሆኖ ተጫናቸው። ያረፉትም ከታሰበው ስፍራ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው በካዛክስታን ሜዳ ላይ ነበር። ይህ አላስፈራቸውም፤ በኋላ የጠፈር ተጓዦች ሁሉ አለቃ ሆነው ሠሩ፤ በ2016 ደግሞ ተመልሰው ወጡ።

ከጣቢያው ውጭ ዐሥር ጊዜ ወጥተው ከ60 ሰዓት በላይ ሠርተዋል። በ2018 ናሳን ከተሰናበቱ በኋላ በአንድ የግል ማኅበር መንኰራኵር ሁለት ጊዜ ተጕዘዋል፤ በጠፈር የቈዩበት ቀን ተደምሮ እስከ 2025 ድረስ 695 ደርሷል። ይህን ያህል የቈየ ከአሜሪካውያን ወንዶችም ሆነ ከዓለም ሴቶች እስከዚያ አልተገኘም። በዚያ በመጨረሻው ጕዞ ከሕንድ፥ ከፖላንድና ከሀንጋሪ የመጡ ሦስት ወንዶች የ65 ዓመቷን ወይዘሮ ትእዛዝ እየተቀበሉ ሠሩ።