የማን ቆዳ ይሞከርበት?

የሰው ልጅ ቆዳን በላቦራቶሪ ማብቀል ከጀመረ ሃምሳ ዓመት አልፏል። ይህ ወሬ በተነሣ ቍጥር ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ «ይህ የሀብታም አገር ጨዋታ ነው፤ እኛን ምን ያገባናል?» ይላሉ። እኛ ግን እንደሚያገባን እናምናለን። የሚያገባንም በሳይንሱ በኩል ብቻ ሳይሆን በፍትሑም በኩል ስለ ሆነ ሐሳባችንን ለአንባብያን ማቅረብ ወደድን። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ለምሳሌ ያኽል ሶሪያሲስ የተባለውን ሕመም እንውሰድ። የጤነኛ ሰው የላይኛው ቆዳ ከሥር ተወልዶ፣ ወደ ላይ ወጥቶ፣ እስኪረግፍ ድረስ አንድ ወር ያኽል ይፈጅበታል። ሶሪያሲስ በያዘው ቆዳ ግን ይህ ጉዞ በጥቂት ቀናት ያልቃል። ሕዋሳቱ ሳይበስሉ ስለሚደራረቡ ቆዳው ይወፍራል፤ ነጭ ቅርፊት ያወጣል፤ ያሳክካል፤ ይሰነጠቃል። በአንዳንዶቹም ላይ ሕመሙ መገጣጠሚያን ይጐዳል። መንሥኤው ገላን የሚጠብቁት የደም ነጭ ሕዋሳት ጠላት በሌለበት ለጦርነት መነሣታቸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጉባኤ በ2014 ዓ.ም. ስለዚህ ሕመም ውሳኔ አሳልፏል፤ በ2016 በታተመው ዘገባም በሽተኞቹ በዓለም ላይ ከ100 ሚሊዮን እንደማያንሱ ተገልጿል። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይሁን እንጂ በሽተኛው ከማዕድ ይገለላል፤ እጁን የሚጨብጠው ያጣል። ከማሳከኩ ይልቅ የሰው ዐይን ያቈስለዋል።

ለዚህ ሕመም መድኃኒት ለመፈለግ በምን ላይ ይሞከር? አይጥ ሶሪያሲስ በተፈጥሮዋ አይዛትም፤ ቆዳዋም ስስና ጠጕራም ስለ ሆነ ከሰው ቆዳ ጋራ ብዙ አይመሳሰልም። በ2009 የሆላንድ ተመራማሪዎች ኢሚኪሞድ የተባለውን ቅባት በአይጥ ቆዳ ላይ በመቀባት ሶሪያሲስን የሚመስል ነገር ለማስነሣት ችለዋል። ዘዴው ጠቅሟል፤ ነገር ግን የሚመስል ነገር ያው የሚመስል ነገር ነው። እንግዲህ የሚቀረው ራሱ ሰው ነው ማለት ነው።

ሰው ሲባል ግን የትኛው ሰው? ታሪክ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ የሚያሳፍር ነው። በአሜሪካ፣ በፊላደልፊያ ከተማ፣ ሆምስበርግ በተባለው እስር ቤት ከ1951 እስከ 1974 ድረስ አልበርት ክሊግማን የተባለው የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የቆዳ ሐኪም በእስረኞች ገላ ላይ ቅባትና ኬሚካል ሲሞክር ኖሯል። ከእስረኞቹ ብዙዎቹ ጥቁሮች ነበሩ። የሚቀቡት ምን እንደ ሆነ በወጉ ሳይነገራቸው በጥቂት ዶላር ጀርባቸውን ሰጡ፤ ዳዮክሲን የተባለው መርዝ እንኳ ተሞክሮባቸዋል። ሐኪሙ እስር ቤቱን መጀመሪያ ባየ ጊዜ በፊቱ የተዘረጋ ሰፊ ቆዳ ብቻ እንደ ታየው ራሱ ተናግሯል። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚለው ተረታችን በዶክተር እጅ ሲፈጸም ይህን ይመስላል። የዩኒቨርሲቲው የሕክምና ትምህርት ቤት በ2021፣ ከተማውም በ2022 ይቅርታ ጠየቁ፤ ይኸውም ከስንቶቹ ሞት በኋላ!

በላቦራቶሪ የሚበቅለውን ቆዳ ማየት የሚገባን ከዚህ አንጻር ነው። በ1975 ጄምስ ራይንዋልድና ሃዋርድ ግሪን የሰውን የላይኛ ቆዳ ሕዋሳት ከገላ ውጭ በሳሕን ላይ እያባዙ የማኖርን ዘዴ አገኙ። በ1981 ዩጂን ቤልና ጓዶቹ የውስጠኛውን ቆዳ ሕዋሳት ከኮላጅን ጋራ ቀላቅለው፣ በላዩም የላይኛውን ሕዋስ ዘርተው፣ ሁለት ድርብ ያለው ሕያው ቆዳ ሠሩ። በካናዳ፣ በኬቤክ ከተማ ያሉት ተመራማሪዎች ደግሞ ከዚህ አልፈው የውስጠኛው ቆዳ ሕዋሳት በቪታሚን ሲ እየተረዱ የራሳቸውን ንጣፍ ራሳቸው እንዲሠሩ ያደርጋሉ። ንጣፎቹ ይደራረባሉ፤ የላይኛው ሕዋስ ይዘራባቸዋል፤ ከዚያም ቆዳው ከሥሩ ምግቡን እየጠጣ ከላይ አየር እንዲያገኘው ከፍ ይደረጋል። በሦስት ሳምንት ያኽል ውስጥ ላዩ ደርቆና ጠንክሮ እንደ እውነተኛ ቆዳ ይደራረባል። ዘሩ ከሶሪያሲስ በሽተኛ የተወሰደ እንደ ሆነ የሚበቅለውም ቆዳ ከሕመሙ ጠባይ ብዙውን ይዞ ይበቅላል። በጤነኛ ቆዳም ላይ ቢሆን ኢንተርሉኪን-17 እና ኢንተርሉኪን-22 የተባሉትን የጦርነት መልእክተኞች በመጨመር ሕመሙን የሚመስል ሁኔታ ማስነሣት ይቻላል። በዚያ ላይ መድኃኒቱ ይሞከራል፤ ማንም ጀርባውን አይሰጥም።

ሕግም ወደዚሁ እያዘነበለ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በእንስሳት ላይ የተሞከረ መዋቢያ እንዳይሸጥ በ2013 ሙሉ በሙሉ ከለከለ። የአሜሪካም ሕግ በ2022 መጨረሻ አዲስ መድኃኒት የግድ በእንስሳት ይሞከር የሚለውን ቃል አነሣ።

ይሁን እንጂ አድናቂዎች ብቻ ሆነን ልንቀር አይገባንም። እስከ 1970ዎቹ ዓመታት ድረስ ብዙ ሊቃውንት ሶሪያሲስን የላይኛው ቆዳ ሕዋሳት ሕመም ብቻ አድርገው ይቈጥሩት ነበር። በ1979 ግን ሳይክሎስፖሪን የተባለው፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም ሲሞከር ሳይታሰብ የበሽተኞቹን ቆዳ አጠራ። የነገሩ ቍልፍ በደም ነጭ ሕዋሳት እጅ እንደ ሆነ ከዚያ ወዲህ እየተረጋገጠ ሄደ። እንግዲህ በዚያን ጊዜ ሊቃውንቱ በእጃቸው የነበረው የቆዳ ሕዋስ ብቻ ያለበት ሳሕን ቢሆን ኖሮ ይህን እውነት ከየት ያገኙት ነበር? ሳሕኑ የሚመልሰው የጨመርንበትን ብቻ ነው። ዛሬ አንዳንድ ላቦራቶሪዎች ቲ-ሴል የተባሉትን ነጭ ሕዋሳት በበቀለው ቆዳ ውስጥ መጨመር የጀመሩት ስለዚህ ነው። ቢሆንም አብዛኛው የበቀለ ቆዳ የደም ሥር የለውም፤ ነርቭ የለውም፤ ዕድሜው የሳምንታት ነው። ሕመሙ ግን የዕድሜ ልክ ነው። በሳሕኑ የተሳካ መድኃኒት በመጨረሻ ፈቅዶና ዐውቆ በሚቀርብ ሰው ላይ መሞከሩ አይቀርም። ስለዚህ የበቀለው ቆዳ የሰውን ሸክም ያቀላል እንጂ ከነአካቴው አያነሣም።

ሁለተኛው ጥያቄ የማን ዘር ይዘራ የሚለው ነው። መጻሕፍቱ ሶሪያሲስን «ቀይ» ብለው ሲያስተምሩ ኖረዋል። በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ቡናማ ያደላል፤ ሲጠፋም ለረጅም ጊዜ የሚቈይ ጠባሳ መሳይ ጥላ ይተዋል። የሳሕኑ ዘር ከአንድ ወገን ብቻ የተለቀመ እንደ ሆነ ያው ስሕተት በአዲስ መሣሪያ ተደገመ ማለት ነው።

ዘር በእኛ ዘንድ አይጠፋም። ለቆዳ ማብቀያ ከሚያገለግሉት ሕዋሳት ብዙዎቹ የሚገኙት ከሕፃናት ወንዶች ግርዛት ነው፤ በአገራችን ይህ የሚጣል ነገር ነው። የሚጐድለን የማያቋርጥ መብራት፣ የሕዋስ ምግብ፣ የሠለጠነ እጅ ነው። «አይቻልም» ለሚሉን ደግሞ በአዲስ አበባ፣ በአለርት ግቢ ያለውን የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም እንጠቅሳለን። ከ1970 ጀምሮ ሥጋ ደዌን እዚሁ በበሽተኞቹ አጠገብ ሲመራመር ኖሯልና።

«በሽተኛው ሜቶትሬክሴትና የቆዳ ሐኪም ባጣበት አገር ስለ ሳሕን ቆዳ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ተቃውሞው እውነት አለው፤ መድኃኒቱ ይቅደም። ነገር ግን ሌላው አገር በሌላው ቆዳ መርምሮ የሚሰጠንን ብቻ እየተቀበልን የምንኖረው እስከ መቼ ነው?

ስለዚህ ከጓደኞቻችን ሦስት ነገር እንጠይቃለን። የሕክምናና የባዮሎጂ ተማሪዎች ይህን ጥበብ በአንድነት ያጥኑት። በሁለተኛም፣ በ1951 ከሄንሪዬታ ላክስ ገላ ያለ ፈቃዷ የተወሰደው ሕዋስ ምን እንዳስከተለ እናስታውስ፤ ከአገራችን ሰው ገላ የሚወሰድ ነገር ሁሉ ባለቤቱ በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት፣ በፈቃዱ እንዲሆን ደንብ ይውጣ። ሦስተኛው ገንዘብም ላቦራቶሪም አይጠይቅም፤ በቆዳው ላይ ቅርፊት ያየንበትን ጓደኛችንን ከምግብ ጠረጴዛችን አናርቀው። አጠገቡ ቍጭ ብለን እንብላ።