የጥናት ጽሑፋችን የት ይቀመጥ?

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ስለ እንሰቱና ቡናው፣ ስለ ቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮችም የሚጠናው ሁሉ ለዲላ ተማሪ በስልኩ ሊደርሰው ይገባል።

ውድ መምህራንና ወላጆች፣ በበኩሌ የትምህርት ቤታችን የጥናት ድረ ገጽ በጄኪል ቢሠራ እመርጣለሁ። ይህ መሣሪያ ተራ የጽሑፍ ፋይል ተቀብሎ ገጹን አስቀድሞ ያዘጋጃል፤ ይኸውም እንጀራው እንግዳ ሲመጣ የሚጋገር ሳይሆን ተጋግሮ በመሶብ እንደሚጠብቅ ነው። አንባቢ በመጣ ቁጥር ዳታቤዝ መፈተሽ የለም፤ ስለዚህ በደካማ ኔትወርክም ቶሎ ይከፈታል (ፎቶግራፍ የሚያበዛ ሰው ካላከበደው በቀር)። በጊትሃብም ያለ ክፍያ ይቀመጣል። እርግጥ ነው፣ ትእዛዝ እየጻፉ መሥራት ለጀማሪ ያስቸግራል። ቢሆንም ሥራውን የያዘው መምህር የተዛወረ እንደሆነ፣ የጽሑፉ ፋይል በፍላሽ ተገልብጦ ከእኛው ዘንድ ይቀራል።