ለሙዚቀኛው ከሐውልቱ በፊት መድረክ፦ ለጆሃንስበርግ ከተማ ምክር ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጆሃንስበርግ ከተማ ምክር ቤት
ጆሃንስበርግ፣ ደቡብ አፍሪካ

ጉዳዩ፦ ትንንሽ የላይቭ ሙዚቃ ቤቶችን ከመዘጋት ስለ መታደግ

ክቡራን የምክር ቤቱ አባላት፣

ኒውታውን ውስጥ፣ ከማርኬት ቴአትር አጠገብ፣ አንድ የሳክስፎን ተጫዋች በነሐስ ተቀርጾ ይታያል። ኪፒ ሙኬትሲ ነው፤ በ1950ዎቹ የደቡብ አፍሪካን ጃዝ መንገድ ካስያዙት አንዱ ሲሆን በ1983 አርፏል (በዚህ ደብዳቤ ያሉ ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በስሙ የተሰየመው ኪፒስ የተባለ የጃዝ ክበብም እዚያው ነበር። በ2005 ሕንጻው ለሰው ደህንነት ያሰጋል ተብሎ ተዘጋ። ሐውልቱ የተመረቀው ክበቡ ከተዘጋ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2009 ነው።

ብዙም ሳይርቅ የብሬንዳ ፋሲ ሐውልት አለ። በ2004 ላረፈችው ለዚህች ድምፃዊት በ2006 ሐውልት ሲቆም የተመረጠው ቦታ የቤዝላይን ደጃፍ ነበር፤ ቤዝላይን በዚያ ዘመን ከከተማዋ ዋነኛ የሙዚቃ ቤቶች አንዱ ነበርና። ከአሥር ዓመት በኋላ ቤዝላይን ያን ቤት ለቀቀ። ብሬንዳ እዚያው ቀርታለች።

ይህ ደብዳቤ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ጆሃንስበርግ ሙዚቀኞቿን በምታከብርበት ልክ የሚጫወቱባቸውን ቤቶችም ትጠብቅ። ምክር ቤቱ ይህን ለማድረግ ሥልጣኑም መሣሪያውም በእጁ ነው።

የዚህች ከተማ የሙዚቃ ታሪክ የቤቶች ታሪክ ነው። በ1955 የአፓርታይድ መንግሥት ሶፊያታውን የተባለውን ሰፈር ማፍረስ ሲጀምር ነዋሪው ቤቱን፣ ሙዚቀኛውም መጫወቻውን አጣ። ያን ጊዜ ኤሎፍ ጎዳና ላይ የሚገኘው ዶርኬ ሃውስ የዩኒየን አርቲስትስ ማኅበር መቀመጫ በመሆን መለማመጃና መሰባሰቢያ ሆነ። ጥቁር ሙዚቀኛ ከሰዓት እላፊ በኋላ መሀል ከተማ ለመገኘት ፈቃድ መያዝ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ኪንግ ኮንግ የተባለው የሙዚቃ ቴአትር የተሰናዳው በዚሁ ቤት ነው። በየካቲት 1959 በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ታላቁ አዳራሽ ለመድረክ በቃ፤ ያ አዳራሽ ጥቁርና ነጭ ተመልካች በአንድ ጣሪያ ሥር መቀመጥ ከሚችሉባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነበር። መሪዋን ሴት ገጸ ባሕርይ የተጫወተችው ሚሪያም ማኬባ ነበረች።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1963፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት ለአፍሪካ መሪዎች የዘፈነችው ይህችው ማኬባ ናት። ኢትዮጵያውያን ድምጿን በቤታቸው ሰሙት፤ ድምጿ የተገራው ግን በጆሃንስበርግ መድረኮች ነበር። ሂዩ ማሴኬላ፣ ጆናስ ጉዋንግዋ፣ አብዱላህ ኢብራሂምና ኪፒ ሙኬትሲ የተገናኙበት ጃዝ ኤፒስልስ የተባለው ቡድንም የዚያው ዘመን ፍሬ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ተሰደዱ። አፓርታይድ ሙዚቀኞቹን ከከተማው ሲገፋ የነበረው በፖሊስና በሕግ ነው። ዛሬ ፖሊስ የማያሳድደው ሙዚቀኛ መድረኩን የሚያጣው በኪራይ፣ በመብራትና በትራንስፖርት ምክንያት ነው።

ለዚህ ኦርቢት ጥሩ ማስረጃ ነው። በ2014 ሦስት ባልንጀሮች ብራምፎንቴን፣ ደ ኮርቴ ጎዳና ላይ ይህን የጃዝ ክበብ ከፈቱ። በሳምንት ውስጥ ብዙ ምሽቶች ላይቭ ሙዚቃ ነበረ፤ ወጣቱ ከአንጋፋው ጋር ይጫወት፣ አዲስ ድርሰት በአድማጭ ፊት ይፈተን ነበር። ገንዘብ ሲያጥር ባለቤቶቹ ከአድማጩ መዋጮ ጠየቁ፤ አድማጩም አዋጣ። አልበቃም፤ በ2019 መጀመሪያ ተዘጋ። በዚያ መድረክ ይጫወት የነበረው ፒያኖ ተጫዋች ንዱዱዞ ማካቲኒ በ2020 በታዋቂው የአሜሪካ የጃዝ አሳታሚ በብሉ ኖት በኩል አልበሙን አወጣ። ሙዚቀኛው ዓለም ላይ ሲደርስ ያሳደገው ቤት አልነበረም።

እንዲህ ያለ ቤት ለምን አይቆይም? ሒሳቡ ግልጽ ነው። ከበር መግቢያ የሚሰበሰበው ገንዘብ በአብዛኛው ለባንዱ ይሄዳል። ኪራዩን፣ የድምፅ ባለሙያውን፣ ጥበቃውንና አስተናጋጁን የሚከፍለው ከመጠጥና ከምግብ የሚገኘው ነው። መቶና ሁለት መቶ ሰው በሚይዝ ቤት ውስጥ ይህ ገቢ ጣሪያ አለው፤ ወጪው ግን የለውም። የመብራት ፈረቃው በ2023 እጅግ በበረታ ጊዜ ጄኔሬተርና ናፍጣ የሌለው ቤት ባንዱን በጨለማ ለማስጫወት ይገደድ ነበር። ከዚያ በፊት በኮቪድ ወቅት መንግሥት የመጠጥ ሽያጭን በተደጋጋሚ አገደ፤ የሰዓት እላፊም አወጀ። የበሽታው ክብደት እርምጃውን ግድ ብሎት ይሆናል፤ ግን በመጠጥ ሽያጭ ኪራይ ለሚከፍል የሙዚቃ ቤት ያ ጊዜ ገቢ ሳይኖር ዕዳ የሚከፈልበት ነበር።

አንድ የሙዚቃ ድርጅት ከቤቱ ተለይቶ ሊኖር እንደሚችል ቤዝላይን ራሱ አሳይቷል። በ1994 ሜልቪል ውስጥ በአንዲት ጠባብ ቤት የተጀመረው ይህ ድርጅት በ2004 ወደ ኒውታውን መጣ፤ ከወጣ በኋላም ፌስቲቫል እያዘጋጀ ቀጠለ። ፌስቲቫል ደስ ያሰኛል፤ በዓመት አንድ ቀን ነው። ማክሰኞ ማታ አዲስ ዜማ ይዞ ለመጣ የሃያ ዓመት ወጣት የሚጠቅመው ግን ማክሰኞ ማታ የሚከፈት በር ነው።

ትልልቆቹም መድረኮች ቢሆኑ ሁሉም አልተረፉም። ኖርዝጌት የሚገኘውና ጣሪያ ካላቸው ሰፋፊ አዳራሾች አንዱ የነበረው ቲኬትፕሮ ዶም በ2021 ተሽጦ የሁለተኛ እጅ መኪና መሸጫ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ የውጭ አገር ዝነኞች ሲመጡ ዓይን የሚያርፈው በስታዲየሞቹ ላይ ነው። በደቡብ አፍሪካ ትልልቅ ኮንሰርቶችን የሚያዘጋጀው ቢግ ኮንሰርትስ የተባለው ኩባንያ ከ2016 ጀምሮ በአብዛኛው የዓለም አቀፉ ላይቭ ኔሽን ንብረት ነው። በታኅሣሥ 2024 ክሪስ ብራውን በኤፍኤንቢ ስታዲየም ሁለት ምሽት ተጫውቷል። ይህ ለከተማዋ ሥራና ገቢ ያመጣልና ማንም አይቃወመውም። ጥያቄው ከዚያ ከሚገኘው ውስጥ ነገ በዚያ ስታዲየም የሚቆመውን ልጅ ለሚያሳድጉት ቤቶች ምን ይደርሳል የሚለው ነው።

ሌሎች አገሮች ለዚህ ጥያቄ መልስ አግኝተዋል። በፈረንሳይ ከኮንሰርት ትኬት 3.5 በመቶ ተቀንሶ በብሔራዊ የሙዚቃ ማዕከሉ በኩል ተመልሶ ለዘርፉ ይውላል። በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ግዛት በ2014 ባወጣው ደንብ መሠረት ነባር የሙዚቃ ቤት አጠገብ አፓርታማ የሚሠራ ሰው ድምፅ የሚከለክለውን ግድግዳ በራሱ ወጪ ያበጃል፤ እንግሊዝም በ2018 ተመሳሳይ መርሕ በዕቅድ መመሪያዋ አስገብታለች። የጀርመን ፓርላማ በ2021 የሙዚቃ ክበቦች ከቁማር ቤት ጋር ሳይሆን ከቴአትርና ከኦፔራ ቤት ጋር በባህል ተቋምነት እንዲመደቡ ጠይቋል።

የዚህ ከተማ ነዋሪ የሆኑ ኢትዮጵያውያንም በነገሩ ውስጥ አሉ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ጄፔ አካባቢ፣ ዛሬ ራሂማ ሙሳ በሚባለው ጎዳና ዙሪያ፣ ባዶ የቀሩ የሕክምና ቢሮዎችንና ፎቆችን ወደ ገበያ የለወጡት ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ናቸው። ከአዲስ አበባ ድምፃዊ ሲመጣ አዘጋጁ አዳራሽ ፍለጋ ይዞራል፤ ለአንድ ሌሊት ተከራይቶ፣ ሳውንድ ሲስተም አስገብቶ፣ ሲነጋ ያስረክባል። እዚሁ የሚኖረው ኪቦርዲስትና ማሲንቆ ተጫዋች በዓመት ውስጥ የሚጫወትባቸው ምሽቶች ጥቂት ናቸው። ከኮንጎ፣ ከዚምባብዌና ከናይጄሪያ የመጣው ሙዚቀኛም ያው ነው። የአፍሪካ ከተማ መሆን ለምትሻ ጆሃንስበርግ፣ እነዚህ ሙዚቀኞች ከሶዌቶና ከአሌክሳንድራ ልጆች ጋር አንድ መድረክ ላይ ቢገናኙ የሚወጣው ድምፅ ሌላ ቦታ የሚገኝ አይደለም።

እነዚህ ኢትዮጵያውያን መድረክ ሲዘጋ ምን እንደሚከተል ከአገራቸው ያውቁታል። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የመጣው የሰዓት እላፊ የአዲስ አበባን ሌሊት እስከ 1991 ድረስ አሰረው። ባንዶች የተረፉት እንደ ሒልተን ባሉ ሆቴሎች ውስጥ በር ተዘግቶ እስኪነጋ እየተጫወቱ ነው፤ ብዙ ሙዚቀኞችም ወደ ውጭ ወጡ። በቅርቡም በጥር 2015 ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ጃዛምባ የተባለው የጃዝ ቤት አብሮ ወደመ። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ከአዝማሪ ቤት ተነሥቶ ዓለም ወደሚያውቀው የባህል ማዕከል ያሳደገው ፈንድቃም በ2024 ካዛንቺስ በመልሶ ማልማት ስትፈርስ ከነባር ግቢው ተነሥቷል። ሥራው በሌላ ቦታ ቢቀጥልም፣ አሮጌው ግቢ ከአካባቢው ሰው ጋር የነበረው ጉርብትና በአንድ ቀን የሚተከል አይደለም። ጆሃንስበርግ ከዚህ የምትማረው ነገር አለ፤ መሀል ከተማዋን ስታድስ የሙዚቃ ቤቶቹን ከመነሻው በዕቅዱ ውስጥ ታስገባቸው።

ስለዚህ ለምክር ቤቱ አራት ጥያቄዎች ቀርበዋል።

አንደኛው ስለ ስታዲየሙ ነው። አዲስ ግብር መጣል የብሔራዊ ሕግ ጉዳይ መሆኑ ይታወቃል። ይሁንና ኤፍኤንቢ ስታዲየም፣ «ስታዲየም ማኔጅመንት ሳውዝ አፍሪካ» የተባለው ኩባንያ ከከተማዋ ጋር ተዋውሎ የሚያስተዳድረው የሕዝብ ንብረት ነው። ከተማዋ በውሏ ውስጥ አንድ አንቀጽ ማስገባት ትችላለች፦ ከእያንዳንዱ የኮንሰርት ትኬት 10 ራንድ ለትንንሽ የሙዚቃ ቤቶች ይዋል። 80 ሺህ ትኬት የተሸጠበት አንድ ምሽት 800 ሺህ ራንድ ይሰጣል። ከፍ ያለ ገንዘብ ከፍሎ ትኬት ለገዛ ሰው 10 ራንድ አይከብደውም፤ ለትንሽ ክበብ ግን ያ ድምር የጄኔሬተር፣ የድምፅ መሣሪያና የብዙ ወራት ኪራይ ነው። ገንዘቡን ማን፣ ለምን እንዳገኘ በየዓመቱ በይፋ ይገለጽ።

ሁለተኛው ስለ ቤቶቹ ነው። የከተማዋ ንብረት የሆነው የጆሃንስበርግ ፕሮፐርቲ ኩባንያ በመሀል ከተማ ብዙ ሕንጻ ያስተዳድራል። ከነዚህ ጥቂቶቹ ለላይቭ ሙዚቃ ተለይተው በግልጽ ጨረታ ይሰጡ። አሸናፊው ብዙ ኪራይ ያቀረበው ብቻ አይሁን፤ በሳምንት ስንት ምሽት ላይቭ ሙዚቃ ያቀርባል፣ ለሙዚቀኛው እንዴት ይከፍላል፣ ለአዲስ ባንድ ምን ቦታ ይሰጣል የሚለው ይመዘን። ውሉም ቢያንስ አሥር ዓመት ይሁን፤ በሁለት ዓመት ውል ማንም በግድግዳና በድምፅ መሣሪያ ላይ ገንዘቡን አያፈስም። የኪፒስ ሕንጻ ዳግም የዘወትር የሙዚቃ ቤት የሚሆንበትን መንገድ ምክር ቤቱ ከሚመለከታቸው ሁሉ ጋር ቁጭ ብሎ ይምከርበት። የ2023ቱ የኡሲንዲሶ ሕንጻ ቃጠሎ ከሰባ በላይ ሰዎችን ገድሏልና፣ ሕንጻዎቹ የእሳት መውጫና የመብራት መሥመር ተፈትሾላቸው መሰጠታቸው ለድርድር የሚቀርብ አይደለም።

ሦስተኛው ስለ ጉርብትና ነው። ብራምፎንቴንና ማቦኔንግ ውስጥ ቢሮዎች ወደ መኖሪያ እየተለወጡ ነው። አዲስ የመጣው አልሚ ነባሩን የሙዚቃ ቤት በድምፅ አቤቱታ እንዳያስዘጋው፣ ድምፅ የመከላከሉ ወጪ ኋላ የመጣው ላይ እንዲሆን በግንባታ ፈቃዱ ይደንገግ። የሙዚቃ ቤቱም በበኩሉ የድምፅ መጠንና የመዝጊያ ሰዓት ያክብር።

አራተኛው ስለ ሌሊቱ ነው። የጋውትሬን የመጨረሻ ባቡር ከፓርክ ጣቢያ የሚነሣው ሙዚቃው ገና ሳይጋጋል ነው። ለታክሲ የሚከፍለው የሌለው ተማሪ ወይ ቀድሞ ይወጣል ወይ ከነጭራሹ አይመጣም። በዓርብና ቅዳሜ ሌሊት በኒውታውን፣ በብራምፎንቴንና በፓርክ ጣቢያ መካከል የሚመላለስ አውቶቡስ፣ የሚበራ የመንገድ መብራትና የሚታይ ጥበቃ ቢኖር ለሙዚቃ ቤቱም፣ ለሴት አድማጮችም፣ ዕቃውን ተሸክሞ ለሚሄደው ከበሮ መቺም ይደርሳል። የመጠጥ፣ የእሳትና የድምፅ ፈቃድ ጉዳይም ባለቤቱ ከቢሮ ቢሮ ሳይንከራተት የት እንደደረሰ የሚነግረው አንድ መስኮት ይኑረው።

ከተማዋ በሙዚቃዋ የምትኮራበት ምክንያት ብዙ ነው። ከጋውቴንግ ሰፈሮች የተወለደው አማፒያኖ የተባለ የሙዚቃ ስልት ዓለምን አስጨፍሯል፤ የጆሃንስበርጓ ድምፃዊት ታይላም በ2024 ግራሚ አሸንፋለች። ይህ ስኬት ከተማዋን አስጠርቷታል፤ ከተማዋ ለመድረኩ ያወጣችው ግን ገና በልኩ አይታይም።

ምክር ቤቱ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ከሐምሌ 1 የሚጀምረው የቀጣዩ በጀት ረቂቅ ለሕዝብ ውይይት ከመቅረቡ በፊት በአጀንዳው እንዲይዝ፣ የሙዚቃ ቤት ባለቤቶችን፣ የድምፅ ባለሙያዎችንና ሙዚቀኞችን፣ ከሌላ አፍሪካ አገር መጥተው እዚህ የሚኖሩትን ጨምሮ፣ በአንድ ግልጽ ስብሰባ እንዲሰማ፣ የስታዲየሙን የትኬት መዋጮ በተመለከተም የሕግ ክፍሉን አስተያየት በጽሑፍ ይፋ እንዲያደርግ በአክብሮት ይጠየቃል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በጆሃንስበርግ ነዋሪ የሆነ ኢትዮጵያዊ የሙዚቃ አድማጭ