አንድ ምስክር አይበቃም



ባለፈው ማክሰኞ የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የልጅ ልጄ መክሰሷን ሳትነካ አልጋዋ ላይ ተጠቀለለች። ግንባሯን ዳሰስኩ፤ ትኩሳት የለም። ደብተሯን ስከፍት በሽታው ተገኘ፤ የሒሳብ የቤት ሥራዋ ላይ ትልቅ ቀይ የኤክስ ምልክት አለ።

«እማማ፣ እኔ እኮ ደደብ ነኝ። አረጋግጬው ነበር፣ ልክ መጥቶልኝ ነበር» አለችኝ።

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ 70 ብር ነው፤ ሦስት ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ 190 ብር ነው። የእያንዳንዱ ዋጋ ስንት ነው? የተማሩት በመተካት መሥራትን ነው። ደብተሩን «ደ» ካልነው እስክሪብቶው 70 − ደ ይሆናል። ይህንን በሁለተኛው እኩልዮሽ ውስጥ በእስክሪብቶው ቦታ እናስገባዋለን፦

3ደ + 2(70 − ደ) = 190

እሷ ቅንፉን ስትፈታ 2ን ከ70 ጋር ብቻ አባዝታ 140 − ደ ብላ ጻፈች። ደብተሩ 25፣ እስክሪብቶው 45 ወጣላት። ስትደምራቸው 70። «ልክ ነው» ብላ ዘጋችው።

ግን እስክሪብቶውን ያገኘችው ከዚያው ከ70 ላይ ቀንሳ ነው፤ እሱማ እንዴት ይቃወማታል? ሁለተኛውን ብትጠይቀው 75 ሲደመር 90፣ 165 እንጂ 190 አይሆንም።

በነርስነት ዘመኔ የመድኃኒት መጠን ካሰላሁ በኋላ ወረቀቴን ለባልደረባዬ አላሳይም ነበር። ማዘዣውን ብቻ ሰጥቼ «አንቺም ለብቻሽ ሥሪው» እላታለሁ። የእኔን ስሌት ካየች ስህተቴንም ይዛው ትሄዳለቻ!

ቅንፉን አብረን ፈታነው፦ 3ደ + 140 − 2ደ = 190። ደብተሩ 50፣ እስክሪብቶው 20 ሆነ።

«አሁን ሁለቱንም ጠይቂ» አልኳት።

50 ሲደመር 20፣ 70። 150 ሲደመር 40፣ 190።

ዝም ብላ ትንሽ አየችው። ከዚያ «እማማ፣ ሻይ አለ?» አለች።

ወላጆችና አያቶች፣ ልጅ «ደደብ ነኝ» ሲላችሁ ለመቆጣትም ለማባበልም አትቸኩሉ። ደብተሩን ክፈቱና የተሳሳተችውን መስመር አብራችሁ ፈልጉ። ሒሳቡን ባታውቁት እንኳ «ለሁለቱም ይሠራል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አያቅትም። የእኔዋ የጎደላት አንዲት 2 ነበረች እንጂ ጭንቅላት አልነበረም።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።