ከ100 ነጥብ የሚመዘን ጢስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የቤተ ክርስቲያን ልጆች፤ ስለ ሲጋራ ጠንቅ ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል። ዛሬ የምንነጋገረው ግን የክብር ካባ ደርቦ ስለሚመጣው ታላቅ ወንድሙ፣ ስለ ሲጋር ነው። ሲጋር በወረቀት ሳይሆን በራሱ በትምባሆ ቅጠል የሚጠቀለል ወፍራም ትምባሆ ነው። ሲጋራን የሚጸየፍ ወጣት እንኳ ይህን እንደ ዕውቀትና እንደ ሥልጣኔ ሊቆጥረው ይችላል፤ ይቀመሳልና፣ ይመዘናልና፣ ነጥብም ይሰጠዋልና።

አመዛዘኑን አስተውሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ የተመሠረተው «ሲጋር አፊሺዮናዶ» የተባለ መጽሔት ሲጋሮችን ከ100 ነጥብ ይመዝናል። ቀማሾቹ በስም እንዳይታለሉ የፋብሪካው መለያ ቀለበት ተነሥቶ ይቀርብላቸዋል። መልኩና አጠቃለሉ፣ ጣዕሙ፣ አነዳደዱ፣ በመጨረሻም አጠቃላይ ስሜቱ ይመረመራል። ከ90 እስከ 94 ያገኘው እጅግ የላቀ ይባላል፤ 95 እና ከዚያ በላይ ያገኘው ደግሞ ከሁሉ በላይ ይቀመጣል። ቀማሹም የቆዳ፣ የዝግባ፣ የቡና ቃና አገኘሁበት ብሎ ይጽፋል።

እንግዲህ እንጠይቅ፤ ከእነዚህ መመዘኛዎች መካከል ለአጫሹ ጉሮሮ የታሰበ አንድ ነጥብ አለን? የለም። 95 ያገኘውና 75 ያገኘው በዋናው ነገር እኩል ናቸው፤ ሁለቱም ኒኮቲን አላቸው፣ ሁለቱም ሲነዱ ካንሰር የሚያመጣ ጢስ ያወጣሉ። ሚዛኑ ልስላሴን ይለካል፣ ሞትን ግን አይለካም። ዋናውን ትቶ ጥቃቅኑን በጥንቃቄ የሚለካ ሚዛን ደግሞ ከሐሰተኛ ሚዛን በምን ይሻላል?

«ጢሱን ወደ ሳንባ አልስበውም» የሚሉ አሉ። ነገር ግን የሲጋር ኒኮቲን በአፍ ውስጥ ባለው ስስ ቆዳ በኩል ወደ ደም ይገባል። የአፍ፣ የማንቁርትና የምግብ ቧንቧ ካንሰርም ያስከትላል። አንድ ትልቅ ሲጋር የአንድ ሙሉ ፓኮ ሲጋራ ያህል ትምባሆ ሊይዝ ይችላል። «አንድ ብቻ» የሚለው ቃል እንግዲህ ምን ያህል ያታልላል!

«ዕውቀት ያለው ሰው ራሱን ይገዛል» የሚልም ካለ ሲግመንድ ፍሮይድን ይመልከት። የሰውን ልቡና በመመርመር ዓለም ያወቀው ይህ ሐኪም ሲጋር ወዳድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 በአፉ ውስጥ ካንሰር ተገኘበት፤ ከ30 በላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ እ.ኤ.አ. በ1939 እስኪሞት ድረስ በሕመሙ ተሠቃየ። ሲጋሩን ግን ጨክኖ መተው አልቻለም። የሌላውን ልብ ማወቅ የራስን ምኞት ከማሰር አላዳነውም።

«ቅጠሉን የፈጠረ እግዚአብሔር አይደለምን?» ትሉ ይሆናል። አዎን፣ እርሱ ነው። ቅጠሉን የሚጠቀልሉትንም ሠራተኞች የእጅ ሙያ አንንቅም። ነገር ግን መርዛማ ተክልንም የፈጠረ እርሱ ነው፤ ለሰው የሰጠው አእምሮ የሚበላውን ከማይበላው የሚለይበት ነው። ቤተ ክርስቲያን ጾምን የምታስተምረን ጣዕምን እንድንጠላ ሳይሆን ጣዕም ጌታችን እንዳይሆን ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ በጽሞና ተቀምጦ የጢስን ቃና የሚመረምር ሰው ትዕግሥትም ማስተዋልም እንዳለው አስመስክሯል። የሚያሳዝነው እነዚህን ታላላቅ ስጦታዎች በአመድ ላይ ማፍሰሱ ነው። ያንኑ ሰዓት ለጸሎት ስጥ ቢባል ግን ጊዜ የለኝም ይላል።

ጢስ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ካህኑ ጽና ይዞ ሲያጥን የሚወጣው ጢስ ወደ ላይ የሚያርግ የጸሎታችን ምሳሌ ነው፤ ነጥብ የሚሰጠውም የለም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ መሆኑን አስተምሮናል (1ኛ ቆሮ. 6፥19)። በዚህ ቤተ መቅደስ ውስጥ የትኛው ጢስ እንደሚገባ መምረጥ የእናንተ ነው።

ስለዚህ በሠርግ ወይም በምረቃ ግብዣ ላይ «ምርጡ ነው፣ ቅመሰው» ሲባል፣ ወንድሜ ሆይ፣ ሳታፍር «ይቅርብኝ» በል፤ አንቺም እኅቴ እንዲሁ። በሱሱ የተያዘ ወገን ቢኖር አንዘብትበት፤ ወደ ንስሐ አባቱም ወደ ሐኪምም እንዲሄድ እናግዘው። መውጣት ይቻላል፤ ብቻውን መታገል ግን የለበትም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።