የአዳይቱ ድንጋይ ያላየውን አይመሰክርም
በአፋር፣ በአዳይቱ መንገድ ዳር የተዘረጋው ጥቁር ድንጋይ የሰመጠ የጥንት ውቅያኖስ ምስክር ነው ተብሎ ተጽፎ አነበብኩ። ጸሐፊው የሐሰት ምስክር አቆሙ! ድንጋዩ የአፋር ባዛልት ነው፤ ምድር ስትለያይ የፈሰሰ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዚያው በአፋር በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት ተሰንጥቆ በሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። ይህ የመስመጥ ሥራ ነው?

መስመጡን የፈለገ ትግራይ ይውጣ። ከ700 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩት በዚያ ያሉት የጻሊየት የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ኒዮቢየም የተባለው ንጥረ ነገር ያንሳቸዋል። ምክንያቱም የሰመጠው የውቅያኖስ ወለል ውኃውን ወደ ላይ ይለቃል፤ ከበላዩ ያለው ዐለት በዚያ ውኃ ሰበብ ይቀልጣል፤ ኒዮቢየም ግን ከውኃው ጋር መሄድ አይወድምና እታች ይቀራል። ጸሐፊው (ቸኩለው ይሆናል) ከድንጋዩ ጥቁረት በቀር የመረመሩት የለም።